የእታለም ባዶ

እታለም በ1944 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር፣ በልባጥ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። በመዝገብ የሰፈረው ስማቸው ሌላ ነው። ነገር ግን ታናሽ ወንድማቸው አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ከጠራቸው ጊዜ ጀምሮ ጎረቤቱም፣ ተማሪዎቻቸውም፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲው ዲን ሳይቀሩ በዚያው ጠሯቸው። ዛሬ በሌላ ስም ብንጠራቸው «እሷ ደግሞ ማን ናት?» ብለው ዞር የሚሉ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍም እታለም ናቸው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው መካከለኛዋ እህታቸው ናት፤ ከታላቅ በታች ከታናሽ በላይ ተወልዳ ሁለቱንም ስትታዘብ የኖረች።

አባታቸው አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረቻቸው። ሱቋ ውስጥ ሁለት ገንዳ፣ አንድ የመኪና ባትሪ፣ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠሉ የብስክሌት መሪዎች፣ የቧንቧ ራሶችና የበር እጀታዎች ነበሩ። ዝገት የበላው ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ ገንዳው ውስጥ ይገባል፣ ባትሪው ይገናኛል፤ ሲወጣ ፊት ያሳያል። የሰፈሩ ልጆች ይህን አስማት ለማየት በሩ ላይ ይጋፉ ነበር። እታለም ግን አይጋፉም፤ ውስጥ ገብተው ሽቦ የሚያቀብሉት እሳቸው ነበሩ። ደንበኛ «ጌታው፣ ትንሽ ወፈር አድርጉልኝ እንጂ» ብሎ ሲጨቀጭቅ አባታቸው «ካወፈርኩት ይላጣል፤ ስስ ሲሆን ነው የሚይዘው» ይሉ ነበር። ደንበኛውም ቆጥበውበት እየመሰለው ያማቸዋል። እታለም ያችን ነገር በልጅነታቸው ሰምተው ያዟት፤ ኋላ ስንት ዓመት ቆይታ እንደምትወጣ ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

በ1955 ዓ.ም. እናታቸው አረፉ። እታለም አሥራ አንድ ዓመታቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ ገና በዳዴ የሚሄድ ነበር። አባታቸው ቀን ከገንዳው፣ ማታ ከሐዘናቸው ጋር ነበሩና ልጁን ያሳደጉት እታለም ናቸው። የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት እሱን አዝለው፣ ደብተሩን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግተው፣ ቆመው ነበር። ልጁ እንዳይነቃ ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛሉ፤ እየተወዛወዙ ይደምራሉ፣ ያባዛሉ። ይህ መወዛወዝ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰሌዳ ፊት ቆመው አንድ ከባድ ነገር ሲያስቡ ከጎን ወደ ጎን ሲወዛወዙ ያዩ ተማሪዎች «ዶክተር መርከብ ላይ ናቸው» እያሉ ይስቁ ነበር። ጀርባቸው ላይ ማን እንዳለ እኛ እናውቅ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1962 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት ፈጽመው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1966 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ። ጥቂት ዓመታት በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝተው ከአገር ወጡ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሠርተው በ1977 ዓ.ም. ተመለሱ። ሰው ከውጭ ሲመለስ ሽቶና ጫማ ይዞ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ እታለም ከሻንጣቸው መሃል በሦስት ካልሲ የተጠቀለለች ጫፏ ጥቁር የሆነች ትንሽ ዱላ አወጡ። ኤሌክትሮድ ናት። የጉምሩክ ሠራተኛው «ይህች ምን ትሠራለች?» ብሎ ሲጠይቃቸው «ሽንት ትቀምሳለች» አሉት። ሰውዬው በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ አስቀምጦ «ይለፉ፣ እናቴ» አላቸው።

በ1978 ዓ.ም. ከራዲዮ ጠጋኙ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ነገሩ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲው ኤሌክትሮዷን የሚያሠራ መሣሪያ መግዛት አልቻልኩም ብሎ እጁን ሲያጥፍ ነው። እታለም ሥዕሉን በወረቀት ይዘው ጥግ ላይ ወዳለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ሄዱ። ጠጋኙ ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየና «ይሠራል፤ ግን ብዙ መመላለስ ይጠይቃል» አለ። ተመላለሱ። መሣሪያው ሲያልቅ ሠርጉም ደረሰ። ከአሮጌ ራዲዮዎች ዕቃ የተሠራ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ሲበራ እንደ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ የሚያጉረመርም ነበርና «ጎርናናው» ተባለ። ከዚህ ጋብቻ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1983 ዓ.ም. የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የሆነ ወዳጃቸው ቢሯቸው መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ራሱን ስቶ የመጣ ወጣት ምን እንደወሰደ ሳይታወቅ እጁ ላይ እንደሞተ ነገራቸው። ከእነ ሞርፊንና ኮዴይን ወገን የሆነ ማስታገሻ ከሆነ ማርከሻ አለው፤ ግን መሆኑን ማን ይንገረው? ናሙናው ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተልኮ ውጤቱ እስኪመለስ ታማሚው ወይ ቤቱ ገብቷል፣ ወይ ተቀብሯል። እታለም ቆመው መወዛወዝ ጀመሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሥራቸው አንድ ሆነ፤ ከአንዲት ጠብታ ምራቅ ወይም ሽንት፣ እዚያው አልጋው አጠገብ፣ መድኃኒቱን የሚያውቅ ዳሳሽ መሥራት።

ነገሩን ለማያውቅ ሲያስረዱ ደስ ይላቸው ነበር። ኤሌክትሮዷ ጠብታው ውስጥ ትገባለች፤ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ኮረንቲ ይሰጣል፤ ያኔ የጎርናናው ብዕር ወረቀቱ ላይ ጉብታ ይሥላል። ጉብታው የቆመበት ቦታ ማንነቱን፣ ቁመቱ ብዛቱን ይናገራል። ጉብታ ከሌለ መድኃኒት የለም። ቃሉም ከላቦራቶሪ አምልጦ ቤት ገባ። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ዘግይተው ሰበብ ሲደረድሩ እታለም በመነጽራቸው ላይ አሻግረው እያዩ «ጉብታ ይታየኛል» ይሏቸው ነበር። ልጆቹም ወዲያው ይናዘዛሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ተመካክሯል። ቀጥሎ ያለው በቀብር ላይ ይነበብ አይነበብ የሚል ክርክር ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ግን «ካልተነበበ ተነሥቼ ራሴ እናገረዋለሁ፤ እኔ ደግሞ ንግግር ላይ አፌ አይጣፍጥም፣ ታፍራላችሁ» አለ። ስለዚህ ይነበባል።

እንዲህ ያለ ሥራ ባዶ ይፈልጋል። ባዶ ማለት ምንም መድኃኒት ካልወሰደ ጤነኛ ሰው የተቀዳ ናሙና ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል፤ ባዶው ላይ የታየው ነገር ከሌላው ላይ ይቀነሳል። እታለም ባዶው እንዳይቀያየርባቸው አንድ ሰው መረጡ፣ ታናሽ ወንድማቸውን። እሱ የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠዓሊ ነበር፤ የሲኒማውን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የጫማ ሱቁን ስም የጻፈ እጅ ነው። በእነ እታለም ግቢ ጓሮ ክፍል ይኖር ነበር። ለራሱ ብልቃጥም በቀይ ፊደል፣ ከነጥላው፣ እንደ ሲኒማ ርዕስ አድርጎ «ባዶ» ብሎ ጻፈባት። ከዚያ በኋላ ስሙ እሱ ሆነ። ላቦራቶሪው በር ላይ ሲደርስ «ባዶ መጣ!» ይላሉ። እሱም «ባዶ እጄን ግን አልመጣሁም» ብሎ ብልቃጡን ከኪሱ ያወጣል። ሁልጊዜ ያው ቀልድ ነበር፤ እታለም ግን ሁልጊዜ አዲስ አድርገው ይስቁለት ነበር።

ታዲያ የባዶ ናሙና አንዲት ትንሽ ጉብታ ነበረችው። ልክ ሞርፊን የሚቆምበት ቦታ ላይ የምትቆም፣ ዝቅ ያለች ጉብታ። እታለም መጀመሪያ ብርጭቆዎቹን ጠረጠሩ፤ አሲድ ውስጥ አሳደሯቸው። ውሃውን ጠረጠሩ፤ ተቀየረ። ኤሌክትሮዷን ቢወለውሏት ቢወለውሏት ጫፏ አጠረች እንጂ ጉብታዋ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ባለቤታቸውን «ሽቦህ ነው» አሏቸው። ሰውዬው በሥራቸው ቀልድ አያውቁም፤ አኮረፉ። ጎርናናውን ፈትተው እንደገና በየዱት፣ አንድ ሳምንት ሙሉም ለእታለም «ደኅና እደሪ» እንጂ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ተራ ውሃ ሲለካ ንጹሕ ነው፤ ምራቅ ሲሆን ጉብታዋ አለች። እንግዲያው የምራቅ ጠባይ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ አለ ብለው ደመደሙ። ከየናሙናውም ላይ እየቀነሷት ቀጠሉ። አንድ ዓመት አለፈ።

መሣሪያውን፣ ውሃውን፣ ባላቸውን ጠረጠሩ። ወንድማቸውን መጠርጠር ግን በሐሳባቸውም አልመጣም። እንዴት ይምጣ? አዝለው ያሳደጉት ልጅ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ወንድማቸው በሌላ ከተማ ትልቅ የሆቴል ማስታወቂያ ለመጻፍ ለጥቂት ጊዜ ሄደ። ባዶ ጠፋና እታለም ከባለቤታቸው ምራቅ ቀዱ። ብዕሩ ሜዳ የመሰለ መስመር ሣለ። ጉብታዋ የለችም። እታለም ላቦራቶሪው ውስጥ እልል አሉ። ባለቤታቸው በዚያው ሰሞን ሽቦውን ዳግመኛ በይደውት ነበርና፣ ለካ ብየዳው ሠርቷል! ባላቸውን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከተማው ውስጥ ካለው ዳቦ ቤት ትልቅ ኬክ አዘዙ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ልጆች ፊታቸው ክሬም በክሬም ሆነ። ባለቤታቸውም ያችን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው እንደ ሙሽራ ተቀመጡ። ለወንድማቸው አንድ ትልቅ ቁራጭ ተቀመጠለት።

ወንድማቸው ከመንገድ ተመልሶ ኬኩን በላ። በማግስቱ ብልቃጡን ሞልቶ ሰጣቸው። እታለም ለኩት። ጉብታዋ ተመልሳ መጣች፤ እንዲያውም ከፍ ብላ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ከባለቤታቸው የተቀዳውን ለኩ፤ ሜዳ። የእሱን ለኩ፤ ጉብታ። እታለም ያን ጊዜ አልተወዛወዙም፤ ደርቀው ቆሙ። ያንን ሁሉ ጊዜ ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ሲቀንሱት የኖሩት የወንድማቸውን ሕመም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወንድማቸው ከመሰላል ወድቆ ወገቡን ተጎድቶ ነበር። ሐኪም ጠንካራ ማስታገሻ አዘዘለት፤ ወገቡ ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። የሐኪሙ ወረቀት ሲያልቅ ከመንገድ ይገዛ ጀመር። በየሳምንቱም ያንኑ ምራቅ እየሳቀ ለእህቱ ያቀብል ነበር። እንዴት እንዳልፈራ ኋላ ሲጠየቅ «እሷ ካየችው እድናለሁ፣ ካላየችው አልታመምኩም ብዬ ነበር» ብሏል።

እታለም ጓሮ ክፍሉ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «አንተ ልጅ፣ ባዶ አይደለህም» አሉት። እሱም ብሩሹን እያጠበ ነበር፤ ማጠቡን ሳያቆም «አይደለሁም እታለም» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ፤ ለቅሶው እስከ ዋናው ቤት ይሰማ ነበር።

የተከተሉት ሁለት ዓመታት ከባድ ነበሩ። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ገባ። እታለም ግማሽ ደመወዛቸውን ለሕክምናው፣ ሙሉ እንቅልፋቸውን ለእሱ ሰጡ። በመጨረሻ ዳነ። ፊቱ ወዝ አወጣ፤ ጠዋት ጠዋት እያፏጨ ፊደል መጻፍ ጀመረ። እታለም ግን ማመን አቃታቸው። መጀመሪያ እሱን አምነው መሣሪያውን አልሰማ ያሉ ሴት አሁን መሣሪያውን ብቻ ማመን ጀመሩ። አንድ ቀን ሻይ አማስሎ የላሰውን ማንኪያ ደብቀው ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱና ለኩት። ጉብታ! ቤት ሲደርሱ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ «ደግሞ ጀመርክ!» ብለው ጮኹበት።

እሱም ምንም አልወሰድኩም ብሎ ማለ። ማንኪያው መለካቱን ሲሰማ ግን «ማሽንሽን እመኚ፣ እታለም» ብሎ ቀለሙንና ብሩሾቹን ይዞ ወጣ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሴት ልጃቸው እያለቀሰች «እማዬ፣ ያን ቀን አጎቴን ራሱን አሞት ነበር፤ ፓራሲታሞል የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው። እታለም ወንበር ይዘው ተቀመጡ። በዓለም ላይ እንደ ፓራሲታሞል የሚጠሉት ነገር አልነበረም! ጉብታው ከሞርፊን ጉብታ ጎን እየተለጠፈ ሥራቸውን ስንት ጊዜ አበላሽቶባቸዋል። ናሙና የሚሰጥ ሰው ሁሉ «ራስህን አሞህ ነበር? ክኒን ውጠሃል?» ተብሎ ሳይጠየቅ አይታለፍም። የማንንም ተማሪ በዚህ ስሕተት ጆሮውን የሚቆነጥጡት እሳቸው፣ የገዛ ወንድማቸውን ሳይጠይቁ ፈረዱበት። ያን ጊዜ ያሉትን ማንም አይረሳውም፤ «መሣሪያው አልዋሸም፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አሉ።

ወንድማቸውን ለወራት ቢያፈላልጉ አላገኙትም። እሱ ባልተገኘበት በዚያ ጊዜ ሌት ተቀን የሠሩት ነገር ነው ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው። ሁለቱን ጉብታዎች ለመለየት ኤሌክትሮዷን በአንድ ነገር መሸፈን ነበረባቸው፤ ሞርፊንና ዘመዶቹን ወደ ውስጥ የሚስብ፣ ፓራሲታሞልን በር ላይ የሚያቆም ሽፋን። ወፍራም ሽፋን ሠሩ፤ ተላጠ። ሌላ ሠሩ፤ ያም ተላጠ። አንድ ቀን ከሰሌዳው ፊት ሲወዛወዙ ቆዩና ድንገት «አባባ!» ብለው ጮኹ። ረዳታቸው አመማቸው ብላ ወንበር አቀረበችላቸው። ስስ ሲሆን ነው የሚይዘው። ሽፋኑን ለዓይን እስከማይታይ አሳሱት፤ ያዘ። የሙያ ጓደኞቻቸው ረጅም ስም ሰጡት፤ በላቦራቶሪያቸው ግን እስከ ዛሬ «ልባጥ» ነው የሚባለው።

በ1988 ዓ.ም. ወንድማቸው አንድ ሌላ ከተማ ውስጥ የፋርማሲ ማስታወቂያ ሲጽፍ እንደታየ ሰሙ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ሄዱ። እሱ መሰላል ጫፍ ላይ ነበር፤ ጀርባው ብቻ ይታያል። እታለም አልጠሩትም። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከላይ ሆኖ «መሰላሉን ማነው የያዘው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

እሱም ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ፓራሲታሞል ነበር» አሉት።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረኸኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ።»

እሱም ወደ ታች ሳያይ «እንግዲያው አጥብቀሽ ያዢ፤ ገና ሁለት ፊደል ይቀረኛል» አለ። እታለም ሁለቱ ፊደላት ከነጥላቸው እስኪያልቁ ፀሐይ ላይ ቆመው ያዙ። ያን ቀን ስለተቃጠለው አፍንጫቸው ስንት ዓመት ሲተርባቸው ኖሯል።

አብረው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በእታለም ላቦራቶሪ ባዶ ከአንድ ሰው ብቻ አይቀዳም፤ ከብዙ ሰው እንጂ። ስሙ ግን ከወንድማቸው ላይ አልወረደም። እሱም ሌላ ሥራ አገኘ። ዳሳሹን ወደ ሆስፒታል ለማውጣት እንደ ስኳር መለኪያ ያለች ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ በካርበን ቀለም መታተም ነበረበት። ማተሚያው ደግሞ ማስታወቂያ ሠዓሊዎች ሲሠሩበት የኖሩት፣ ቀለምን በጨርቅ አሳልፎ የሚያትመው ያው የሐር ወንፊት ነው። እታለም ቀለሙን ቀመሙ፣ ባዶ አተመ፣ ባለቤታቸው ጎርናናውን መዳፍ ውስጥ እስከሚገባ አሳነሱት። የዱሮው ትልቁ ጎርናና ጥግ ላይ ቀረ፤ ተማሪዎች ኮት ይሰቅሉበት ጀመር፣ ባለቤታቸውም ባዩት ቁጥር ይናደዱ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ያ ሐኪም ወደሚሠራበት ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልክ ደውሎ አንድ ልጅ በእግሩ ወደ ቤቱ እንደሄደ ነገራቸው። እታለም ስልኩን ዘግተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ነበር።

እነዚያ ዓመታት የቤታችን ምርጥ ዘመን ነበሩ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀለም የሚደርቅባቸው ቁራጮች፣ የልጆች ደብተርና የተበየደ ሽቦ አብረው ይውሉ ነበር። የሚጣፍጥ ነገር ሲቀርብ ሦስቱም እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኩም፤ ከንጽሕና ይልቅ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ዛሬ ያ ጠረጴዛ ቢገኝ፣ የቀለም ጠብታው እንዳለ ሆኖ፣ ምን አለበት ያሰኛል።

እታለም በ2005 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2009 ዓ.ም. ባለቤታቸው አረፉ። እታለም የባለቤታቸውን ስም ለትልቁ ጎርናና አወጡለትና ኮት እንዳይሰቀልበት አዘዙ።

በ2015 ዓ.ም. ሕመም ጀመራቸው። አጥንታቸው ውስጥ የገባ ካንሰር ነበር። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪሞቹ ቤት ሆነው የሚወስዱት የሞርፊን ሽሮፕ አዘዙላቸው። ጠርሙሱን ማን ይያዝ፣ መጠኑን ማን ይለካላቸው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እታለም ሳያቅማሙ «ባዶ ይያዝልኝ» አሉ። ወንድ ልጃቸው «እማዬ፣ ሌላ ሰው ጠፋ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ዘመን ገና ልጅ ሳለ ያየው ነበርና ለአጎቱም ፈራ። ስንት ዓመት ንጹሕ ሆኖ የኖረን ሰው ከዚያው ነገር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባት ቀላል አይደለም። ወንድማቸውም ራሱ ፈርቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በነጋታው ጠዋት አንዲት ቁራጭና ትንሿን መሣሪያ ይዞ መጣ። ልጆቹ ፊት ምራቁን አደረገባት። «በየቀኑ ይለካ፤ ሁላችሁም እዩት፣ እሷም ትየው» አለ።

መሣሪያው መልሱን ሊያወጣ ሲል እታለም ከአልጋው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የመሣሪያዋን መስኮት በመዳፋቸው ሸፈኑት። የመሣሪያዋ ድምፅ እስኪያበቃ አላነሡም። ከዚያም «እኔ የምለካው የማላውቀውን ነው። አንተን አውቅሃለሁ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ወንድማቸው ጠርሙሱን ያዘ፤ በሰዓቱ ለካ፣ በሰዓቱ ሰጠ። አንዳንዴ ሕመሙ ሲቀልላቸው «አሁንማ ተገለባበጥን፤ ጉብታው እኔ ጋ ነው፣ ባዶው አንተ ነህ» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ሽሮፑ አልበቃ ባለባቸው ቀናት እሱ አልጋው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ጀርባቸውን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፤ ከጎን ወደ ጎን ቀስ አድርጎ ያወዛውዛቸዋል። ይህንን ማንም አላስተማረውም፤ ከእሳቸው ጀርባ ላይ የተማረው ነው። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ አንድ ማለዳ እንደዚያው እንደተደገፉ አረፉ። እሱም ማረፋቸውን ካወቀ በኋላ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ማወዛወዙን አላቆመም።

በማግስቱ፣ እኛ ስለ ቀብሩ ስንጯጯህ፣ ወንድማቸው ፊቱን ታጥቦ፣ የተረፈውን ሞርፊን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በእግሩ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። የመድኃኒት ክፍሏ ሠራተኛ ጠርሙሱን ለክታ «ልክ ነው፣ አባቴ» ብላ ተረከበችው። የወንድ ልጃቸው መኪና ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሶ ነበር። ልጁ አጎቱን ሊጠብቅ ነበር የሄደው፤ ሲያየው ወርዶ አቀፈው፣ ሁለቱም መንገድ ላይ ቆመው አለቀሱ።

እታለም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ይህን ስትጽፍ መነጽሯ ያስቸገራት እህት፣ ቁጥራቸው የበዛ ተማሪዎችና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያለውን ስማቸውን በቀይ ፊደል፣ ከነጥላው የጻፈው እሱ ነው። የመዝገብ ስማቸውን ትጽፋለህ ወይ ሲባል «ማን ነው እሱን የሚያውቀው?» ብሎ «እታለም» ብቻ ጽፏል።

የሚያውቁትን የማይለኩትን እህታችንን፣ እሳቸውን የሚያውቅ አምላክ ሳይለካ ይቀበልልን። ለእኛም ለቀረነው፣ ለታናሽ ወንድማቸውም፣ መሰላሉን የሚይዝልን አይጥፋብን። አሜን።